ዓይን አውጣ

ለአምስት ወር ከአሥራ ሁለት ቀን ዓይን አውጣ ነበርኩ። ለአነጋገር ያህል አይደለም፤ የማታ ሥራዬ ነበር። መኪናዬን አስነሥቼ ከፊት ለፊቴ የሚመጣውን ሁሉ፣ ሾፌሩን በሉት፣ እግረኛውን በሉት፣ ጥበቃውን በሉት፣ ቆሞ የሚያመሰኳውን በሬ ሳይቀር ዓይኑን ሳወጣ አመሽ ነበር። የዓይን አውጣ ደንቡ ነውና፣ ይህን ሁሉ ሳደርግ ራሴን የሰፈሩ ጨዋ አድርጌ ነበር የማየው።

ነገሩ የጀመረው ከቪትዜ ዓይን ነው። ቪትዜ ከጃፓን ተነሥታ፣ ዱባይ ላይ መሪዋን ከቀኝ ወደ ግራ አዙረውላት፣ አዲስ አበባ ገብታ እኔ እጅ የወደቀች የሃያ ዓመት እመቤት ናት። የፊት መብራቷ ክዳን እንደ ድሮ መኪና መስታወት ሳይሆን ፕላስቲክ ነው፤ ፕላስቲክ ደግሞ ፀሐይ በጠጣ ቁጥር ይደበዝዛል። የወፍ በሽታ እንደያዘው ሰው ዓይኗ ቢጫ ሆኖ፣ ማታ የምትረጨው ብርሃን መንገዱ ላይ ሳይደርስ መንገድ ይቀር ነበር። አንድ ወዳጄን አንድ ማታ ልሸኘው አሳፈርኩት። ጥቂት ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ፣

«ስማ፣ እየነዳህ ነው ወይስ ጧፍ ይዘህ እየተሳለምክ ነው?» አለኝ።

እሱ ኤልኢዲ ካስገባ ሁለት ወሩ ነው። «ሌሊቱ ቀን ነው የሚሆንልህ» አለ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች፤ ቅዳሜ ጠዋት ሶማሌ ተራ ነበርኩ።

ሶማሌ ተራ መርካቶ ውስጥ መኪና ብትንትኑ ወጥቶ የሚሸጥበት ሰፈር ነው። በር ለብቻው፣ ቸርኬ ለብቻው፣ ስፖኪዮ ለብቻው ተደርድሮ ያድራል። አንድ ሰው ትዕግሥትና ገንዘብ ካለው እየዞረ አንድ ሙሉ መኪና ለቅሞ መውጣት ይችላል። እኔን ያስተናገደኝ ወጣት ገና ጢሙ ያልጠነከረ ልጅ ነው፤ ምላሱ ግን ጠንክሯል።

«ጋሼ፣ እስከ መቼ በጨለማ ይኖራሉ?» ብሎ ጀመረ።

መሬት ላይ ካለ ባትሪ ሁለት ሽቦ ሳበና አምፖሏን ነካ አደረጋት። ማዶ ያለው ግድግዳ ነጭ ሆነ። ማዶ ያሉት ነጋዴዎች በአንድ ድምፅ «አጥፋው አንተ!» ብለው ጮኹ። ነገሩ ያን ጊዜ ሊገባኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን የገባኝ፣ «አቤት ጉልበት!» የሚለው ብቻ ነው።

ሳጥኑ ላይ 20,000 ሉመን የሚል ተጽፎበታል። ሉመን የብርሃን መስፈሪያ ነው፤ ኤች ፎር የሚባለው የቪትዜ የጥንት አምፖል በአጭሩ መብራት 1,000፣ በረጅሙ 1,650 ሉመን ገደማ ነው የሚሰጠው። ልጁ ደግሞ አዲሷ የምትበላው 25 ዋት ብቻ ነው፣ የድሮዋ 55 ነበር አለኝ። የኋለኛው እውነት ነው። ኤልኢዲ ቆጣቢ ናት፤ ይህን ማንም አይነሣትም። ነገር ግን ከ25 ዋት 20,000 ሉመን ማውጣት ማለት ከአንድ ጣሳ ጤፍ ሃምሳ እንጀራ ጋግሮ መነሣት ነው። ባለቤቴ አብራኝ ብትኖር ይህን ሒሳብ እዚያው ትደርስበት ነበር።

ከዚያ በታች «6000 ኬ» ይላል።

«ይሄ ኬ ምንድን ነው ልጄ?»

«ኪሎሜትር ነዋ ጋሼ!»

ስድስት ሺህ ኪሎሜትር ከአዲስ አበባ ለንደን ያደርሳል። አሳቀኝ፤ እሱ ግን አልሳቀም። ኬ ማለት ኬልቪን ነው፤ የብርሃንን መልክ የሚናገር ቁጥር። ሻማ ሁለት ሺህ አይሞላም፤ ባለ ክሩ የመኪና አምፖል ሦስት ሺህ ጥቂት አለፍ ይላል፤ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ብርሃኑ ከወርቅማ ወደ ነጭ፣ ከነጭ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል እንጂ ርቀት አይጨምርም። ልጁ ይህን ባያውቅ አልፈርድበትም። እኔ እያወቅሁ ገዛሁ። እንዲያውም «ሁለት ከወሰዱ ይቀንስልዎታል» ስላለኝ፣ ከታርጋው ግራና ቀኝ የሚታሰሩ ሁለት ኤልኢዲ የጉም መብራቶች ጨመርኩ። አዲስ አበባ ላይ ስንት ቀን ጉም አይቼ አውቃለሁ ብዬ ራሴን አልጠየቅሁም። ቅናሽ ያለበት ዕቃ አያስጠይቅም።

ሲገጠሙም ምልክቱ ነበር። የአዲሷ አምፖል ጀርባ ላይ ለሙቀቷ ማቀዝቀዣ ትንሽ ፋን አለች፤ ብርሃኗ ቀዝቃዛ ቢመስልም ወገቧ ይግላል። ፋኗ በመብራቱ ቤት ጀርባ ባለው የጎማ ክዳን አላልፍ አለች። ገጣሚው ምላጭ አወጣና ጎማውን ቀደደው። ያ ጎማ ውሃና አቧራ እንዳይገባ ሃያ ዓመት ሲጠብቅ የኖረ ነው። ክረምት ሲገባ መብራቴ ውስጥ ጤዛ ወረደ፤ ከጤዛ አልፎ ውሃ ቋጠረ። የእህቴ ትንሽ ልጅ ጎንበስ ብላ አይታ ዓሣው የት ሄደ ብላ ጠይቃኛለች። ሌላም ነገር መጣ፤ መብራቱን ባበራሁ ቁጥር ኤፍኤም ሬዲዮኔ ጤፍ እንደሚነፋ ወንፊት ይንሾካሾካል። ስለዚህ ማታ ማታ ወይ ማየት ነው፣ ወይ ዜና መስማት ነው። እኔ ማየትን መረጥኩ።

የመጀመሪያዋን ሌሊት ግን አልክድም፤ ደስ ብሎኝ ነበር። ወደ ሰፈሬ ስጠመዘዝ መብራት ጠፍቶ ሰፈሩ ሁሉ ጨልሟል። ቪትዜ ቅያሱን ስትዞር አጥሩ፣ ዛፉ፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶው ጫፍ ሳይቀር ወገግ አለ። የሰፈሩ ሕፃናት በየቤቱ «መጣ! መጣ! መጣ!» ብለው ጮኹ። በሕይወቴ እንዲያ የተጨበጨበልኝ ቀን ትዝ አይለኝም። ጥበቃችን ጋቢውን እስከ ግንባሩ ስቦ ቆመ፤ ሰላምታ መሰለኝና እጄን አነሣሁለት። ከዚያ ወዲያ በዕድራችን ተፈላጊ ሆንኩ፤ ማታ ለለቅሶ ድንኳን ሲተከል «ባለ ቪትዙን ጥሩት» ይባላል። እኔም ፊቷን ወደ ድንኳኑ አዙሬ አቆማታለሁ። ካስማ ለመምታት እንደሷ ያለ መብራት የለም። ድንኳን ደግሞ ከፊት ለፊት አይመጣም፤ ዓይንም የለውም።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ግድም መኪና ሲቀበሉ የዚያ ዘመን መኪና ፋኖስ በዘይት ወይም በካርባይድ ጋዝ የሚነድ ነበር። ያን ጊዜ የመኪና መብራት ዋና ሙያው «እኔ እየመጣሁ ነው» ማለት ነው፤ ከዚያ የሚተርፈው ለመንገዱ ነበር። መቶ ዓመት አልፎ፣ ስንት ሊቅ ደክሞበት፣ እኔ እጅ ሲገባ መብራት ተመልሶ እዚያው ላይ አረፈ፤ እኔ እየመጣሁ ነው።

የመብራት ቋንቋችን ነው እንግዲህ ያሞኘኝ። የእኛ አገር ሾፌር በመብራት ይናገራል። ከፊትህ የሚመጣው ሁለት ጊዜ ብልጭ ካደረገልህ «ከፊት ትራፊክ አለ» ማለት ሊሆን ይችላል። «እለፍ» ሊሆን ይችላል። «እንዳታልፍ፣ እኔ ልለፍ» ሊሆን ይችላል። «በርህ አልተዘጋም»፣ «እንዴት አመሸህ»፣ «መብራትህን ቀንስ» ሊሆን ይችላል። መዝገበ ቃላት የለውም፤ እንደ ቅኔ ነው፣ ሰሚው እንደ ልቡ ይፈታዋል። እኔ ወርቁን ትቼ ሰሙን ያዝኩ። ከመገናኛ ወደ ሲኤምሲ ስወጣ ያገኘሁት ሁሉ፣ ታክሲው፣ ሲኖትራኩ፣ የሠራተኛ ሰርቪሱ፣ ብልጭ ያደርግልኛል። «ትራፊክ አለ ሊሉኝ ነው፤ እግዜር ይስጣቸው» እያልኩ በሠላሳ እነዳለሁ። እጄን በመስኮት አውጥቼ አመሰግናለሁ። አንዳንዱ መልሶ እጁን ያወጣል፤ ጣቶቹን እንዴት እንዳደረጋቸው ግን ከመብራቱ የተነሣ አይታየኝም ነበር።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ፣ «የአዲስ አበባ ሾፌር ጨዋነቱ ተመልሷል» አልኳት።

«እንዴት?»

«ትራፊክ ባለበት ሁሉ እየነገሩኝ መጣሁ።»

«ስንት ትራፊክ አገኘህ?»

«አንድም።»

ሽንኩርቷን መክተፍ አቁማ አየችኝ። ከዚያ መክተፏን ቀጠለች። ከሃያ ሁለት ዓመት ትዳር በኋላ ይህች አስተያየት ምን ማለት እንደሆነች አውቃለሁ፤ የዚያን ቀን ግን በምን ምክንያት እንደመጣች አልገባኝም።

ሐምሌ ላይ ኮምቦልቻ ለቅሶ ደረሰብን። አክስቴን ይዤ ሄድኩ። አክስቴ ከሰባ ያለፈች፣ ከመኪና ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ መንገዱን ከሾፌሩ ጋር የምትነዳ ሴት ናት፤ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር እሷም በእግሯ ትይዛለች። በማለዳ እንነሣለን ተብሎ፣ አንዱ ዘመድ ቀርቶ ሌላው ተጨምሮ፣ ደብረ ብርሃንን ያለፍነው ከአሥር ሰዓት በኋላ ነው። ጣርማ በር ስንቃረብ ሊመሽ ሆነ።

ጣርማ በርን በክረምት ያላየ ጉም አየሁ አይበል። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያልፋል፤ ከበታቹ ገደል፣ ከገደሉ በታች ቆላ ነው። ከቆላው የሚወጣው እርጥብ አየር ሽቅብ ሲመጣ ቀዝቅዞ እዚያው አፋፉ ላይ ጉም ይሆናል። ጉሙ እንደሌላ ቦታ ቀስ ብሎ አይደለም የሚመጣው፤ መጋረጃ እንደሳቡት ነው። አንድ ኩርባ ላይ አገር ይታያል፤ ቀጥሎ ባለው ኩርባ ላይ የራስህ ኮፈን አይታይህም።

አልደነገጥኩም። ውስጤ እንዲያውም ፈነደቀ። ለአምስት ወር ጉም ሲጠብቁ የኖሩ ሁለት የጉም መብራቶች አሉኝ። የአባቱን ጠመንጃ ወልውሎ ጦርነት እንደሚጠብቅ ጎረምሳ ነበርኩ። «አሁን እይ አክስቴ» አልኩና ማብሪያውን ተጫንኩ።

ዓለም ነጭ ሆነች። መንገዱ፣ የመንገዱ ጠርዝ፣ ከፊታችን የነበረው አይሱዙ፣ ገደሉ፣ ሁሉም ሄደ። ከመስታወቱ ፊት አዲስ የታጠበ ነጠላ የዘረጉ መሰለ። ሳይበቃኝ ይቀራል ብዬ ረጅሙን ጨመርኩ፤ ነጠላው ጋቢ ሆነ።

«እመ ብርሃን!» አለች አክስቴ። ከዚያ ለእኔ፣ «ልጄ፣ ያንን ነገር አጥፋውና እንይበት።»

አጥፋውና እንይበት። የመብራት መሐንዲስ በአንድ መጽሐፍ የሚያስረዳውን በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው። ጉም አየር ላይ የተንሳፈፈ ውሃ ነው፤ ጠብታዎቹ የሚሊሜትር መቶኛ የሚያህሉ ናቸው። በዚህ መጠን ያለች ጠብታ ብርሃን ስትቀበል ወደ መጣበት አቅጣጫ ጭምር ትረጨዋለች። ብርሃኑን ባበዛህ ቁጥር የሚመለስልህ ይበዛል፤ ያበራኸው ጉሙን ነው እንጂ መንገዱን አይደለም። ብዙ ሰው «ነጭ ሆኖብህ ነው፣ ቢጫ ብታደርገው ጉሙን ይበሳው ነበር» ብሎኛል። ፈረንሳዮችም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ ጀምሮ እስከ እ.ኤ.አ. 1993 ድረስ የመኪናቸው የፊት መብራት ቢጫ እንዲሆን በሕግ አዘው ኖረዋል። ቢጫው ዓይንን ያሳርፍ ይሆናል። የጉም ጠብታ ግን ለብርሃን ሞገድ በጣም ትልቅ ስለሆነች መልክ አትመርጥም፤ ቢጫውንም ሰማያዊውንም እኩል ነው የምትመልሰው።

የጉም መብራት ሙያው ማጎንበስ ነው። ዝቅ ብሎ ይታሰራል፤ ብርሃኑ ሰፊ ሆኖ ከላይ በቢላ እንደተቆረጠ ድፎ ዳቦ ቀጥ ብሎ ያልቃል፤ ከሾፌሩ የዓይን መስመር በታች መሬት መሬቱን እያየ ጠርዙን ያሳያል። የጎጆ በር ሲገቡ አንገትን እንደ መስበር ነው። የእኔዎቹ ግን አንገት የሚባል አልተፈጠረላቸውም። ወደ ታችም ወደ ላይም፣ ወደ ደብረ ሲናም ወደ ሰማይም ያበሩ ነበር።

አጠፋኋቸው። የቀረውን አጭሩን መብራት ይዤ፣ ፍሬቻውን በሁለቱም በኩል አብርቼ፣ የአይሱዙን ቀይ የኋላ መብራት እንደ ዕውር መሪ ተከትዬ በሰው እርምጃ ሄድኩ። የአይሱዙ የፊት መብራት ደብዛዛና ቢጫ ነበር፤ ሾፌሩ ግን መንገዱ ይታየው ነበር። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ተራራውን ፈልፍለው የሠሩት፣ ግማሽ ኪሎሜትር ያለፈ ዋሻ ጋ ስንደርስ ጉሙ በሩ ላይ ቀረ። ዋሻው ውስጥ ኤልኢዲዎቼን መልሼ አበራኋቸው። ድንጋዩ አንድ በአንድ ይቆጠር ነበር።

«እዚህ እንኳን ደህና ነው» አለች አክስቴ፣ ሰው ላለማስከፋት በምትናገርበት ድምፅዋ። ደብረ ሲና ወርደን ቆሎ ገዛችልኝ።

ከዚህም በኋላ አልተውኩም። ሰው ገንዘቡን ያወጣበትን ነገር በአንድ ጉም አይተውም። ያስተወኝ ሌላ ነው።

አንድ ማታ የእህቴ ልጅ ቪትዜን ተውሶ ወጣ። እኔ ከሥራ በታክሲ መጥቼ ከዋናው መንገድ ወደ ቤቴ በእግሬ እገባለሁ። ሰሞኑን ለቧንቧ ተብሎ የተቆፈረ ቦይ አለ፤ ጠርዝ ጠርዙን እየረገጥኩ ነበር። ድንገት ከፊት ለፊቴ ሁለት ፀሐዮች ወጡ። ቦዩ ጠፋ። እግሬ ጠፋ። አጥሩን በእጄ ስፈልግ እሾሁን አገኘሁት። በሕይወቴ አንድ ሁለት ጊዜ ተራግሜያለሁ፤ እንዲያ ያለውን ግን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም።

«አንተ ዓይን አውጣ! ዓይንህን ያጥፋውና! ያሳደገህ የለም ወይ!»

ፀሐዮቹ ቆሙ። በር ተከፈተ። ከብርሃኑ በስተጀርባ አንድ ትሑት ድምፅ፣

«ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት? ይግቡ፣ ላድርስዎ» አለኝ።

ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ገባሁ። ሃምሳ ሜትር ያህል ነው የቀረን፤ አንድ ቃል ሳንነጋገር ደረስን። ከፊታችን የምትመጣ አንዲት ሴት መሬት ላይ ዓይኗን ተክላ፣ መዳፏን ግንባሯ ላይ አድርጋ ከአጥሩ ተለጥፋ አሳለፈችን። ያን ጊዜ የምስጋናዬን ብዛት፣ በመስኮት የወጡትን እጆች፣ የጥበቃችንን ጋቢ፣ የባለቤቴን ሽንኩርት ሁሉ አንድ ላይ አስታወስኩ።

በማግሥቱ ቄራ አካባቢ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ሄድኩ። ኮፈኑን ከፍተው አዩና ምንም አላሉም። ኤልኢዲዋን ነቀሏት። ከመሳቢያቸው አንድ የተቃጠለ ኤች ፎር አወጡና መዳፌ ላይ አስቀመጡት።

«ውስጧን እያት ወንድሜ። ሁለት ክር አላት አይደል? አንዱ ለረጅም፣ አንዱ ለአጭር። ከአጭሩ ክር ሥር ምን አለ?»

መነጽሬን አደረግሁ። ከክሩ ሥር እንደ ሕፃን ማንኪያ ጎድጎድ ያለች ትንሽ ብረት አለች።

«እሷ ምን ትሠራለች ጋሼ?»

«ትከለክላለች።»

ብርሃን የማትሰጥ፣ የማትበራ፣ ዕድሜዋን በሙሉ ከአንድ የጋለ ክር ሥር ተቀምጣ «ወደዚህ አይሆንም» የምትል ብረት ናት። ከክሩ ወደ ታች የሚወርደውን ብርሃን ባትይዘው ኖሮ፣ ከበስተጀርባ ያለው መስታወት ተቀብሎ ወደ ላይ፣ ወደ ሰው ፊት ያነሣው ነበር። አንድ ሰው ከ1971 በፊት (እ.ኤ.አ. ነው፤ ኤች ፎር የወጣችበት ዓመት) ተቀምጦ ብርሃኑ የት መድረስ እንዳለበት ብቻ ሳይሆን የት መድረስ እንደሌለበት አስቦ፣ ለዚያ አንዲት ማንኪያ ሠራ። የመብራቱ ቤት የተቀረጸው ለዚያ ክር ነው፤ መስታወቱ ክሩ ያለበትን ነጥብ ያውቃል። ሚሊሜትር ፈቀቅ ካለበት ብርሃኑን ወዳልታሰበበት ይወረውረዋል። የገዛኋት ኤልኢዲ ክር የላትም፤ በጠፍጣፋ ብረት ግራና ቀኝ የተለጠፉ ነጠብጣቦች ናቸው የሚያበሩት። በእንጀራ ምጣድ ላይ ዳቦ እንደ መድፋት ነው። ሊጡ ጥሩ ነው፤ ምጣዱም ጥሩ ነው።

ሽማግሌው ኤልኢዲን አላሟትም፤ እኔም አላማትም። ቀይዋ እ.ኤ.አ. በ1962 ተገኝታ፣ ብሩህ የሆነችው ሰማያዊዋ ግን ሠላሳ ዓመት ያህል አስለፍታለች፤ ለሷ ሲባል አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ተሸልመዋል። ነጭ ብለን የምንገዛት አምፖል ሰማያዊዋ ናት፣ ቢጫ ዱቄት የተቀባባች። ሌክሰስ እ.ኤ.አ. በ2007 አጭሩን መብራት በኤልኢዲ ሠርቶ ሲያወጣ ግን በአሮጌ ቤት ውስጥ አልከተታትም፤ ቤቱን ከመሠረቱ ለሷ ሠራላት። እኛም አገር ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ቀርቶ በኤሌክትሪክ የሚሄዱት ሲመጡ፣ አብዛኞቹ ከፋብሪካ ጀምሮ ኤልኢዲ ናቸው። የጨዋዎቹን ብርሃን ልብ ብላችሁ እዩት፤ ከወገብ በላይ አይመጣም።

«የአንተዋ ግን ሌላም ጉድ አላት» አሉኝ ሽማግሌው። ባለ ክሩን ኤች ፎር አስገቡና ቪትዜን ከግድግዳ ፊት አስቁመው አጭሩን አበሩ። የብርሃኑ ጠርዝ በቀኝ በኩል ዝቅ ብሎ ሄዶ፣ በግራ በኩል ሽቅብ ይወጣል። ጃፓን የምትነዳው በግራ ነው፤ ስለዚህ የመኪናዋ መብራት የግራውን የእግረኛ ጠርዝ እንዲያሳይ ወደ ግራ ከፍ ይላል። እኛ ጋ በግራ ያለው እግረኛ አይደለም፤ ከፊት የሚመጣው ሾፌር ነው። መሪዋን ያዞሩላት ሰዎች ዓይኗን ረስተዋል። ኢትዮጵያ በ1956 ዓ.ም. ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት ስትሸጋገር ቪትዜ አልሰማችም፤ እስከ ዛሬ ከዚያ ዓመት በፊት ባለው መንገድ ላይ ናት። ሽማግሌው በመብራቱ ጀርባ ያለችውን ብሎን አዙረው ትንሽ ዝቅ አደረጓት። «አንገቷን ትድፋ፤ ከዚህ በላይ እኔም አልችልም» አሉ። ሙሉ መድኃኒቱ በቀኝ ለሚነዳ አገር የተሠራ የመብራት ቤት መግዛት ነው። ሶማሌ ተራ ማለት ነው። እያሰብኩበት ነው።

የክዳኑን ቢጫ በጥርስ ሳሙና አሽተው አነጡት፤ ጥቂት ወር ይቆያል፣ ከዚያ ፀሐይ የራሷን ታስመልሳለች። ሬዲዮኔ ድምፁ ተመለሰ። የጉም መብራቶቹን ለዕድሩ ሰጠኋቸው፤ ድንኳኑ ምሰሶ ላይ ታስረው በባትሪ ይሠራሉ። እዚያ ቢያምሩ!

በዚያው ሳምንት ማታ ከመገናኛ ወደ ሲኤምሲ እየወጣሁ፣ ዜናዬን እየሰማሁ፣ ወርቅማ ብርሃኔ መሬት መሬቱን እየሄደ ነው። ከፊቴ የሚመጣ ሚኒባስ ሁለት ጊዜ ብልጭ አደረገልኝ። «አይ ወንድሜ፣ ያ ድሮ ቀረ» አልኩት በልቤ። ከኋላው ያለውም ብልጭ አደረገ። «ልማድ ሆኖባቸዋል» ብዬ አለፍኩ። ቀና ብዬ፣ በኩራት፣ በሃምሳ አምስት ነዳሁ።

ኩርባው ላይ ትራፊኩ ቆሟል። እጁን አነሣ፤ ዳር ያዝኩ። ወጣት ልጅ ነው፤ በአክብሮት ሰላም አለኝና መንጃ ፈቃድ ጠየቀኝ። ከዚያ ወደ መኪናዋ ፊት ዞሮ፣ ጎንበስ ብሎ አይቶ ተመለሰ።

«ጋሼ፣ አንድ ዓይኗ ጠፍቷል።»

ወርጄ አየሁ። የግራው ነው። በሳምንቱ ተቃጥሏል።

«አውቃለሁ» አልኩት፤ «እኔው ነኝ የረገምኳት።»

ትንሽ አየኝና የቅጣት ደብተሩን አወጣ።